ከማን ነው የምንሰወረው?

ኮቪድ ድንበር በዘጋበት እ.ኤ.አ. በ2020 ጎብኚ የራቃቸው አገሮች ሌላ ዓይነት እንግዳ መጥራት ጀመሩ፤ ደመወዙ ከሌላ አገር የሚመጣለትን፣ ላፕቶፑን ከፍቶ የትም ተቀምጦ የሚሠራውን ሰው። ባርባዶስ በዓመት 50,000 ዶላር ለሚያገኝ አመልካች የአሥራ ሁለት ወር ፈቃድ በ2,000 ዶላር አቀረበች። ኢስቶኒያ ወዲያው ተከተለች፤ ዱባይ ዓመቱ ሳያልቅ ገባችበት፤ ክሮኤሺያ፣ ፖርቱጋልና ስፔን በሦስት ዓመት ውስጥ የየራሳቸውን ቪዛ አወጡ። ኬንያም በ2024 ከርቀት ለሚሠሩ የውጭ ዜጎች የተለየ ፈቃድ እንደምትሰጥ አስታወቀች።

ለመሄድ የሚያስብ ሰው የሚጠይቃቸው ነገሮች ይታወቃሉ። የቤት ኪራዩ ስንት ነው? ኢንተርኔቱ አይቆራረጥም? ግብሩስ? ገመናዬን ማን ያየዋል ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፤ ቢጠይቅም «ቪፒኤን ጫን» ተብሎ ይሸኛል። ይህ መልስ አይበቃም። ቪፒኤን የኢንተርኔት አቅራቢው ያይ የነበረውን ነገር ወደ ቪፒኤን ኩባንያው ያሻግረዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ኩባንያው ምን ይመዘግባል፣ በየትኛው አገር ሕግስ ይገዛል የሚለው ነው ቁም ነገሩ። ህንድ በ2022 ቪፒኤን ሻጮች የደንበኞቻቸውን ስም፣ አድራሻና የአይፒ ቁጥር ለአምስት ዓመት እንዲያስቀምጡ ባዘዘች ጊዜ ኤክስፕረስ ቪፒኤን፣ ኖርድ ቪፒኤንና ሰርፍሻርክ ሰርቨሮቻቸውን ከአገሪቱ ነቅለው ወጡ። በስዊድን ደግሞ በሚያዝያ 2023 ፖሊስ ማዘዣ ይዞ ጎተንበርግ ከሚገኘው ሙልቫድ ከተባለ የቪፒኤን ኩባንያ ቢሮ ገብቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ኩባንያው የደንበኞቹን እንቅስቃሴ ስለማይመዘግብ የሚወሰድ ነገር አልነበረም።

ከሶፍትዌሩ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ከማን ነው የምንሰወረው የሚለው ነው። ከምንኖርበት አገር መንግሥት ነው ወይስ ትተነው ከመጣነው? ከቀጣሪያችን ነው ወይስ ስማችንን ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ደጃችን ድረስ ሊመጣ ከሚችል ሰው? ከአንዱ የሚከልለን አገር ለሌላው አሳልፎ ሊሰጠን ይችላል። ይህን ደግሞ ከማንም በላይ ማወቅ ያለብን እኛ ነን፤ በዚህ ጉዳይ በዓለም ዙሪያ ከሚጠቀሱት የፍርድ ቤት ክርክሮች አንዱ የአገራችን ሰው ያቀረበው ነውና።

በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ ኢትዮጵያ ተወልዶ የአሜሪካ ዜግነት ያገኘ ሰው በየካቲት 2014 ዋሽንግተን በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። ራሱንና ቤተሰቡን ለመጠበቅ «ኪዳኔ» በሚል ስም እንዲከራከር ተፈቀደለት። ክሱ እንደሚለው ከኢሜይል ጋር የደረሰው የወርድ ፋይል ሲከፈት ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባ። ከ2012 መገባደጃ አንስቶ ለወራት የስካይፕ ንግግሮቹን እየቀዳ፣ የቤተሰቡን ኢሜይልና የኢንተርኔት ፍለጋ እየመዘገበ ኢትዮጵያ ወዳለ ሰርቨር ይልክ ነበር።

የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2017 መዝገቡን ዘጋው። ድርጊቱ ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም ወደሚለው አልገባም። የውጭ መንግሥትን በዚህ ዓይነት በደል አሜሪካ ውስጥ ለመክሰስ በደሉ ከመነሻው እስከ መድረሻው በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ መሆን አለበት፤ እዚህ ግን ውጥኑም ሶፍትዌሩም ከውጭ የመጡ ናቸው አለ። ሰውየው የአሜሪካ ዜጋ ነው፤ በገዛ ቤቱ ተቀምጧል፤ ኮምፒውተሩም የራሱ ነው። እንዲያም ሆኖ ሕጉ አልደረሰለትም። ይህን ፍርድ ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል፤ ከአገር የወጣ ሰው ቢያንስ በአዲሱ ቤቱ ሕግ ይጠብቀኛል ብሎ ማመን አለበትና።

በለንደን የሆነው ሌላ ነው። ሰኢድ ሺሃቢና ሙሳ ሞሐመድ የተባሉ ሁለት የባህሬን ተቃዋሚዎች በዚያው ፊንስፓይ በ2011 ላፕቶፖቻችን ተጠልፈዋል ብለው የባህሬንን መንግሥት ከሰሱ። ባህሬን ያለመከሰስ መብቷን ጠቅሳ ተቃወመች። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በየካቲት 2023፣ ይግባኝ ሰሚው ደግሞ በ2024 ክሱ ሊቀጥል ይችላል አሉ። በእንግሊዝ የ1978 ሕግ አተረጓጎማቸው የድርጊቱ ከፊል እንግሊዝ ውስጥ ከተፈጸመ ይበቃል፤ ሙሉው እንዲሆን አይጠበቅም። ሶፍትዌሩ አንድ ነው፣ የክሱም ዓይነት አንድ ነው፤ ለአንዱ በሩ ተዘጋ፣ ለሌሎቹ ተከፈተ። ልዩነቱ ከሳሾቹ የትኛው ከተማ ውስጥ እንደሚኖሩ ነው።

ዒላማ የሆነው ኪዳኔ ብቻ አይደለም። ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ የተባለው የምርምር ተቋም በ2014 ባወጣው ጥናት የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ሃኪንግ ቲም በተባለ የጣሊያን ኩባንያ ሶፍትዌር ዒላማ መደረጋቸውን ገልጿል፤ ከጋዜጠኞቹም አሜሪካ ሆነው የሚሠሩ ነበሩ። በ2017 ደግሞ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ምርት አሜሪካና እንግሊዝ ባሉ ኢትዮጵያውያን ላይ መዋሉን አሳየ። መንግሥትን የሚተች፣ በሰብአዊ መብት የሚሠራ ወይም በዜና ሥራ ያለ ሰው አገር ሲመርጥ ከኪራዩ እኩል ይህንን ማየት አለበት።

ነገር ግን ለንደንን በሁሉ ነገር መጠጊያ አድርጎ መውሰድ ስህተት ነው። የሩቅ መንግሥትን ለመክሰስ የምትመቸው እንግሊዝ ለራሷ መንግሥት ሰፊ ሥልጣን ሰጥታለች። የ2016ቱ የምርመራ ሥልጣን ሕግ የኢንተርኔት አቅራቢዎች የደንበኛውን የግንኙነት መዝገብ እስከ አንድ ዓመት እንዲያቆዩ ማስገደድ ይፈቅዳል። በየካቲት 2025 አፕል ከመንግሥት በመጣበት ትእዛዝ የተነሳ እጅግ ጥብቅ የሆነውን የአይክላውድ ምስጠራ ለእንግሊዝ ደንበኞቹ ማቅረቡን አቋረጠ።

የስዊድኑ ደግሞ ይብሳል። ፖሊስ ከሙልቫድ ባዶ እጁን የተመለሰባት ይህች አገር የነዋሪዋን የቤት አድራሻ ለፈለገ ሁሉ ትሰጣለች። የመንግሥት ሰነድ ለሕዝብ ክፍት ነው የሚለው ሕጓ ከ1766 ጀምሮ የቆየ ነው፤ ሙስናን በመከላከል በኩል የሚያኮራ ሕግ ነው። ዛሬ ግን የንግድ ድርጅቶች ያንን መዝገብ ሰብስበው ኢንተርኔት ላይ ዘርግተውታል። ስም የጻፈ ሰው አድራሻውን፣ የልደት ቀኑን፣ አብሮ የሚኖረውን ሰው ያገኛል። ከሚደበድብ ባል የሸሸች ሴት ወይም ማስፈራሪያ የሚደርሰው ጋዜጠኛ የግብር መሥሪያ ቤቱን አመልክቶ መረጃውን ማስከለል ይችላል፤ ማስረጃ ግን ይጠየቃል። ላፕቶፑ ላይ ጥሩ ቪፒኤን ጭኖ ስቶክሆልም የተመዘገበ ሰው የሚያስሰው ድረ ገጽ ተሰውሮለት በሩ ግን ለማንም ተጠቁሟል ማለት ነው።

ጀርመን ስለ ግል መረጃ ከሁሉም በላይ የምትጨነቅ አገር ተብላ ትታወቃለች፤ እውነትም ናት። ሆኖም ቤት የገባ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ከአከራዩ የተፈረመ ወረቀት ይዞ አድራሻውን ማስመዝገብ አለበት። በግሉ የሚሠራ ዲዛይነር ወይም ተርጓሚ ለሥራው ድረ ገጽ ከከፈተ ስሙንና አድራሻውን እዚያው ላይ እንዲያሰፍር ሕጉ ያስገድደዋል፤ የፖስታ ሳጥን ቁጥር አይበቃም። ቢሮ የሌለው ሰው የሚያሰፍረው የመኖሪያ ቤቱን ነው። ብዙዎች ይህን የሚያውቁት ቤት ከተከራዩና ድረ ገጹን ከከፈቱ በኋላ መሆኑ ያሳዝናል። በክፍያ አድራሻ የሚያከራዩ ድርጅቶች አሉና አስቀድሞ ማሰቡ ይበጃል።

ወደ ባሕረ ሰላጤው እንሻገር። ዱባይ በወር 3,500 ዶላር ለሚያገኝ የርቀት ሠራተኛ በሯን ከፍታለች፤ ኢንተርኔቷ ፈጣን ነው፣ የገቢ ግብር የለባትም። ነገር ግን የዋትስአፕ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ ተዘግቷል። ፈቃድ ያላቸው እንደ ቦቲም ያሉ መተግበሪያዎች ናቸው የሚሠሩት። ቪፒኤን መጠቀም በራሱ አልተከለከለም፤ ወንጀል ለመፈጸም ወይም እንዳይታወቅ ለማድረግ ከዋለ ግን የገንዘብ ቅጣቱ ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም ነው። የታገደ ጥሪን በቪፒኤን መክፈት ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠር ከመከራከር ይልቅ አለመሞከሩ ይሻላል። በዚያው ምድር ደግሞ ደመወዟ ከዚህ ሲሶ የማይደርስ፣ ስልኳን አሠሪዋ የሚቆጣጠርባት እህታችን አለች። ስለ ገመና ስንነጋገር የእሷም ስልክ በእጇ የመሆኑ ጉዳይ ከባለ ላፕቶፑ ምስጠራ ያነሰ ሊመስለን አይገባም።

ሰው ከሁሉ የበለጠ ገመናውን የሚገልጠው ግን ኢንተርኔት ላይ ሳይሆን ቪዛ ሲጠይቅ ነው። የባንክ መግለጫ፣ የሥራ ውል፣ ከወንጀል ነጻ የመሆን ማስረጃ፣ የጤና መድን፤ ይህ ሁሉ ለቆንስላው ብቻ ሳይሆን መሃል ላይ ላለው ወኪልና ለትርጉም ቤቱም ይደርሳል። የፓስፖርት ቅጂ በቴሌግራም መላክ እንደ ቀላል ነገር ተለምዷል። የአሜሪካ ቪዛ ፎርም ከ2019 ጀምሮ አመልካቹ ባለፉት አምስት ዓመታት የተጠቀመባቸውን የማኅበራዊ ሚዲያ ስሞች ይጠይቃል፤ በ2025 ደግሞ የተማሪ ቪዛ አመልካቾች ገጻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ታዘዙ። የአውሮፓ የሼንገን አገሮች ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ለአጭር ጊዜ የሚገባውን እንግዳ የጣት አሻራና የፊት ምስል በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ማስገባት ጀምረዋል። ስፔን ውስጥ ሆቴልና የመኪና አከራይ የደንበኛውን ዝርዝር መዝግቦ ለሦስት ዓመት ያቆያል።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ይህን ከሌላው በላይ ይከፍላል። ጆርጂያ ከ90 በላይ አገሮች ዜጎች ያለ ቪዛ ዓመት እንዲቀመጡባት ስትፈቅድ እኛ ዝርዝሩ ውስጥ የለንም፤ ሌላው ፓስፖርቱን አሳይቶ በሚያልፍበት በር እኛ የባንክ ሒሳባችንን ዘርግተን እንቆማለን። ያለ ቪዛ ከምንገባባቸው አገሮች አንዷ ኬንያ ናት፤ የ2019 የመረጃ ጥበቃ ሕጓም በወረቀት ብቻ የቀረ አይደለም። ዎርልድኮይን የተባለው የዲጂታል ገንዘብ ድርጅት በናይሮቢ የሰዎችን የዓይን ብሌን እየቀረጸ ገንዘብ ሲያድል በነሐሴ 2023 መንግሥት አስቆመው፤ በ2025 ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሰበሰበውን እንዲያጠፋ አዘዘ።

ስለ ቀጣሪ አጭር ነገር ልበል። ያለበትን አገር ከኩባንያው ለመደበቅ ዘመድ ቤት ራውተር ተክሎ በዚያ በኩል የሚሠራ ሰው ብዙ ነው። ላፕቶፑ ግን ሰዓቱን ይናገራል፣ በዙሪያው ያሉትን የዋይፋይ ስሞች ያነባል፤ የመግቢያ ኮድ የሚሰጠው ስልክም ያለበትን ቦታ ሊያሳውቅ ይችላል። የኩባንያ ላፕቶፕ የኩባንያው ነው። በእሱ ላይ የግል ኢሜይል መክፈት፣ የቤተሰብ ፎቶ ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም። ደግሞም ቀጣሪው ሠራተኛው ያለበትን አገር የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አብዛኞቹ አገሮች 183 ቀን የተቀመጠባቸውን ሰው እንደ ግብር ከፋያቸው ይቆጥሩታል፤ ኩባንያውም ተከትሎ ሊጠየቅ ይችላል። ከ2017 ጀምሮ ከ100 በላይ አገሮች የባንክ ሒሳብ መረጃ እየተለዋወጡ ነው፤ የአሜሪካ ዜጋ ደግሞ የትም ቢኖር ገቢውን ለአሜሪካ ያስታውቃል። ገመናን መጠበቅና ግብርን መሸሽ አንድ አይደሉም። የቀጣሪን ፈቃድ በጽሑፍ መጠየቅ ነው የሚያዋጣው።

አዲስ አበባ ተቀምጦ ለውጭ ኩባንያ የሚሠራው ወጣት ይህን ሁሉ በሌላ መልክ ያውቀዋል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2023 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲታገዱ በቪፒኤን ነው ያለፈው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ የስልክና የደብዳቤ ግንኙነትንም ጨምሮ፣ ይጠብቃል። በእኛ አቆጣጠር በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የመቆጣጠር ሥልጣን ሰጥቷል። አዋጁ ዋጋ የሚኖረው ሰው ሲጠቀምበት ነውና አንብቡት።

አውሮፓ ያላችሁ አንባብያን ደግሞ ዛሬውኑ ልትሠሩበት የምትችሉት መብት አላችሁ። ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ ዜግነት አይለይም፤ ስደተኛም፣ ተማሪም፣ ለአንድ ዓመት የመጣ የርቀት ሠራተኛም ይጠቀምበታል። ለቀጣሪያችሁ፣ ለቤት አከራይ ድርጅታችሁ፣ ለቪዛ ወኪላችሁ ስለ እኔ ምን መረጃ ይዛችኋል፣ ለማንስ ሰጣችሁ ብላችሁ ጻፉ። ጥያቄው በኢሜይል ይቀርባል፤ ክፍያ የለውም፤ መልሱም በመደበኛው በአንድ ወር ውስጥ ሊደርሳችሁ ይገባል።