ለእማማ ጉርሻው አነስ ይበል

በደብረ ብርሃን ወይም በአንኮበር በአንድ ቤት ቤተሰቡ ማዕድ ቀርቧል እንበል። የእማማ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ሌላው በልቶ ሲነሣ እሳቸው የመጀመሪያዋን ጉርሻ ገና እያላመጡ ናቸው። ልጃቸው አንጀቷ አይችልምና ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ታጎርሳቸዋለች። ፍቅር ነው። ይሁንና እማማ ፓርኪንሰን የተባለው በሽታ ካለባቸው ያ ጉርሻ ሊያንቃቸው ይችላል።

በሽታው ስሙን ያገኘው በ1817 እ.ኤ.አ. ስለ እርሱ ከጻፈው የለንደን ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው መንቀጥቀጡን ቢሆንም፣ ሐኪሙ የመዋጥ ችግርንና የለሃጭ መዝረብረብንም ያን ጊዜውኑ መዝግቧል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚሠሩት ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ ጡንቻ ይገተራል፤ እንቅስቃሴውም ይዘገያል። ለመዋጥ ደግሞ የምላስ፣ የመንጋጋና የጉሮሮ ጡንቻዎች ተራቸውን ጠብቀው መሥራት አለባቸው። ተመራማሪዎች የጡንቻን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ መሣሪያ ከአገጭ ሥር ለጥፈው ሲለኩ፣ የሕመምተኛው ጡንቻ አንድ ጊዜ ለመዋጥ ከጤነኛው ሰው ረዘም ላለ ጊዜ ሲሠራ ታይቷል። ለሃጩም የሚዝረበረበው ምራቅ ስለበዛ ሳይሆን ቶሎ ቶሎ ስለማይዋጥ ነው። እንግዲህ እማማን «እንደ ሕፃን አዝረበረቡ» ብሎ መሣቅ ነውር ብቻ ሳይሆን አለማወቅም ነው።

የሚያሠጋው ምግብ ወይም ውሃ ወደ አየር ቧንቧ ገብቶም ሕመምተኛው ላያስለው መቻሉ ነው። ከምግብ በኋላ ድምፃቸው እንደ ረጠበ ከሆነ፣ ከከሱ፣ የሳንባ ምች ከተመላለሰባቸው ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው።

በጓዳ በኩል፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይቅርባቸው፤ የበሶ ዱቄትም አይቃሙ። በወጥ የራሰ ፍትፍትና ወፈር ያለ የአጃ አጥሚት ይቀላል። ውሃ ቶሎ ሾልኮ ትን ስለሚል በትንሽ በትንሹ ይጎንጩ። ቀና ብለው ተቀምጠው ይብሉ፤ እያላመጡ ወሬ አይጠይቋቸው።

ለበሽታው የሚሰጠው ሌቮዶፓ በ1913 እ.ኤ.አ. ከባቄላ ተለይቶ የወጣ ንጥረ ነገር ነው። ባቄላ አብቃዩን የደጋ ሰው ይህ ደስ ሳያሰኘው አይቀርም! ሆኖም በባቄላው ውስጥ ያለው መጠን ስለሚለያይ እንክብሉን አይተካም። እንክብሉ ኃይሉ ሲያልቅ መዋጡም ሊከብድ ይችላል፤ ስለዚህ ሰዓቱ አይዛነፍ። እማማ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ላቆየው ካሉ፣ ከንስሐ አባታቸውና ከሐኪማቸው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ነው።

አዲስ አበባ ላይ ራሳቸው በበሽታው የተያዙት ወይዘሮ ክብራ ከበደ በ2011 እ.ኤ.አ. የፓርኪንሰን ሕሙማን መርጃ ድርጅት መሥርተዋል። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ድረስ ለሕክምና ሲሄዱም፣ እማማን የትኛው ምግብ እንደሚያንቃቸውና እንክብሉን በስንት ሰዓት እንደሚውጡ ወረቀት ላይ ጽፈው ይያዙ።