ከሴል ደጅ የማያልፈው መድኃኒት

አስም ያለበት ሰው ደረቱ ሲታፈን ሰማያዊዋን ፓፍ አውጥቶ ይስባል። በደቂቃዎች ውስጥ የጠበበው የአየር ቧንቧ ላላ ይላል፤ ሲር ሲር የሚለው ትንፋሽም ጋብ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ግን እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ልቡም ፈጠን ፈጠን ሊል ይችላል። በፓፏ ውስጥ ያለው መድኃኒት ሳልቡታሞል ነው፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ቬንቶሊን በሚለው የንግድ ስሙ ነው። በአንድ ጊዜ የሚረጨው መጠን 100 ማይክሮግራም፣ ማለትም የአንድ ግራም አሥር ሺኛ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ለማድረግ መድኃኒቱ የጡንቻው ሴል ውስጥ መግባት አያስፈልገውም። ሥራውን የሚጨርሰው ደጅ ላይ ነው። በድሮ ቤተ መንግሥት መልእክተኛ ቃሉን ለአጋፋሪው ሰጥቶ ከደጅ እንደሚመለስ ሁሉ፣ ሳልቡታሞልም በሴሉ ገጽ ላይ ለቆመ አንድ ፕሮቲን መልእክቱን ሰጥቶ ይሄዳል። የዚህ ፕሮቲን ስም ቤታ 2 አድሬነርጂክ ተቀባይ ነው። በሰው ዘረ መል ውስጥ የእሱ ቤተሰብ የሆኑ ወደ 800 የሚጠጉ ተቀባዮች አሉ፤ ግማሽ ያህሉ ሽታ የምንለይባቸው ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀዱት መድኃኒቶች መካከል ሲሶ ያህሉ የሚሠሩት በዚሁ ቤተሰብ አባላት ላይ ነው።

ሰባት ጊዜ የሚበሳ ሰንሰለት

ሴልን የከበበው ገለፈት ከስብ የተሠራ ስስ ሽፋን ነው። አድሬናሊንን የመሰለ በውኃ የሚሟሟ ሆርሞን ይህን ስብ ጥሶ ማለፍ አይሆንለትም፤ መልእክቱን ከውጭ ተቀብሎ ወደ ውስጥ የሚያሻግርለት ይፈልጋል። ቤታ 2 ተቀባይ ለዚህ የተሠራ ነው። 413 አሚኖ አሲዶች የተቀጣጠሉበት ሰንሰለት ሲሆን ገለፈቱን ወዲያና ወዲህ ሰባት ጊዜ ይበሳዋል። አንዱ ጫፉ ከሴሉ ውጭ፣ ሌላው ከውስጥ ነው። ገለፈቱን የሚያቋርጡት ሰባቱ ጥምዝ ዘንጎች ተጠጋግተው ሲቆሙ በመካከላቸው ወደ ውጭ የተከፈተ ጎድጓዳ ቦታ ይተዋሉ። አድሬናሊንም ሳልቡታሞልም የሚያርፉት እዚያ ነው።

ቀረብ ብለን እንመልከተው። በሦስተኛው ዘንግ ላይ፣ ከሰንሰለቱ 113ኛ ሆኖ የተሰካ አስፓርቴት የሚባል አሚኖ አሲድ አለ፤ አሉታዊ ሙል ይዟል። አድሬናሊን ላይ ያለው ናይትሮጅን ደግሞ አዎንታዊ ሙል ስላለው ሁለቱ ይሳሳባሉ። በሌላ በኩል አምስተኛው ዘንግ ላይ ያሉ ሴሪን የተባሉ አሚኖ አሲዶች የሆርሞኑን ቀለበት ይይዙታል። ሆርሞኑ በሁለቱም በኩል ሲያዝ አምስተኛው ዘንግ በጥቂቱ ወደ ውስጥ ይሳባል። ይህ ኢምንት እንቅስቃሴ በፕሮቲኑ አካል ውስጥ ወደ ታች እየተላለፈ ሄዶ የስድስተኛውን ዘንግ የውስጥ ጫፍ 14 አንግስትሮም ያህል ወደ ውጭ ያስወጣዋል። አንግስትሮም የአንድ ሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው። ለእኛ ዓይን ምንም ነው፤ ለፕሮቲን ግን ትልቅ ርምጃ ነው።

ዘንጉ ሲወጣ ከሥር ክፍተት ይፈጠራል፤ በሴሉ ውስጥ የሚጠብቀው ጂ ፕሮቲን እዚያ ይሰካል። ጂ ፕሮቲኑ ይነቃና ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ክፍል ኢንዛይም ይቀሰቅሳል፤ ኢንዛይሙ ደግሞ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለ ትንሽ ሞለኪውል በብዛት ያመርታል። አንድ ተቀባይ ብዙ ጂ ፕሮቲኖችን፣ አንድ ኢንዛይም ብዙ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ስለሚያስገኝ ደጅ ላይ በሹክሹክታ የተነገረው ውስጥ ሲደርስ ትልቅ ትእዛዝ ይሆናል። የአየር ቧንቧው ጡንቻ ትእዛዙን ሲሰማ ይላላል።

የልብ ጡንቻ ግን ይኸው ሳይክሊክ ኤኤምፒ ሲበዛበት ይበልጥ ይበረታል፣ ይፈጥናል። እዚህ ላይ ቁም ነገሩን መያዝ ይቻላል፦ እንዲህ ያለ መድኃኒት ለሴል አዲስ ችሎታ አይሰጠውም። ሴሉ ከመጀመሪያውም የሚችለውን እንዲሠራ ያዘዋል፣ ወይም ከመሥራት ይከለክለዋል። ፈውሱም ጉዳቱም የሚመጣው ከዚያው ከተቀባዩ ነው።

ሳይታይ የታመነ

የእንግሊዙ ፊዚዮሎጂስት ጆን ላንግሊ በ1905 ጡንቻ ውስጥ መድኃኒትን የሚቀበል አንድ ነገር መኖር አለበት ብሎ ጻፈ። ምን እንደሆነ ግን ለረጅም ጊዜ ማንም አላየውም። በ1948 አሜሪካዊው ሬይመንድ አልኲስት አድሬናሊንንና ዘመዶቹን በተለያዩ አካላት ላይ ሲሞክር የጥንካሬያቸው ቅደም ተከተል በሁለት መንገድ ብቻ እንደሚመደብ አስተዋለ። ከዚያም ሁለት ዓይነት ተቀባይ አለ ብሎ አልፋና ቤታ አላቸው። ጽሑፉን መጀመሪያ የላከለት የፋርማኮሎጂ መጽሔት አልቀበልም ብሎት በሌላ መጽሔት ነው የወጣው። አልኲስት ራሱ እንኳ ለብዙ ዓመታት ተቀባይን በእጅ የሚዳሰስ አካል ሳይሆን ሐሳቡን ለማስረዳት የሚመች ነገር አድርጎ ነበር የሚያየው።

የስኮትላንዱ ጄምስ ብላክ ግን ሐሳቡን ቁም ነገር አድርጎ ያዘው። የልብ ሕመምተኛን ልብ ከአድሬናሊን ግፊት ማሳረፍ ቢቻልስ ብሎ ተነሣ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አይሲአይ በተባለው የብሪታንያ ኩባንያ ውስጥ ፕሮፕራኖሎልን አስገኘ። ፕሮፕራኖሎል እዚያው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ ነገር ግን ዘንጎቹን አያንቀሳቅስም። ቦታውን ይዞ አድሬናሊንን ይከለክላል። ብላክ በዚሁ ሥራውና በኋላ ለጨጓራ ቁስለት ባወጣው መድኃኒት በ1988 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ተቀባዩን አንድም ቀን ሳያይ ነው ይህን ሁሉ የሠራው።

በዚያው በ1960ዎቹ ብሪታንያ ውስጥ ለአስም ይሰጥ የነበረው አይሶፕሬናሊን ከቤታ ተቀባይ ዓይነቶች ቤታ 1ንም ቤታ 2ንም ሳይለይ የሚቀሰቅስ ነበር። ቤታ 1 በብዛት የሚገኘው ልብ ላይ ነው። ከፍተኛ መጠን ያለው የአይሶፕሬናሊን ፓፍ በገበያ ላይ በዋለበት ወቅት በአስም የሚሞቱ ሰዎች ቁጥር አሻቀበ። በዴቪድ ጃክ የሚመራው ቡድን የሠራው ሳልቡታሞል በ1969 ገበያ ላይ የዋለው በዋናነት ቤታ 2ን መርጦ የሚይዝ ሆኖ ነው። ምርጫው ፍጹም አለመሆኑን ግን የሚፈጥነው ልብ ይናገራል። እጅን የሚያንቀጠቅጠው ደግሞ በእጅ ጡንቻዎች ላይ ያለው ራሱ ቤታ 2 ነው።

ቅርጹን ለማየት ሃያ ዓመት

በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ሌፍኮዊትዝ ጨረር አመንጪ ምልክት ባለባቸው ሞለኪውሎች ተቀባዩን አደነው፤ ከዚያም ነጥሎ አጠራው። በ1986 ቡድኑ የተቀባዩን ዘረ መል አነበበ። ውጤቱ ያልተጠበቀ ነበር፤ ሰንሰለቱ በዓይናችን ውስጥ ብርሃንን የሚቀበለውን ሮዶፕሲን ይመስል ነበር። ብርሃን የሚያየውና አድሬናሊን የሚሰማው ፕሮቲን የአንድ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸው ያን ጊዜ ታወቀ።

በዚያ ሥራ ላይ ከነበሩት አንዱ ሐኪሙ ብራያን ኮቢልካ ነው። ኋላ ወደ ስታንፎርድ ሄዶ የተቀባዩን ቅርጽ አተም በአተም ለማየት ተነሣ። ለዚህ ፕሮቲኑ ክሪስታል ሆኖ በኤክስሬይ መመታት ነበረበት። ይህ ፕሮቲን ግን ለክሪስታል አይመችም። በሴል ላይ ያለው መጠን ጥቂት ነው፣ ከስቡ ሲወጣ ይበላሻል፣ ደግሞም አንድ ቦታ ረግቶ አይቀመጥም። ኮቢልካና ባልደረቦቹ የሚወዛወዘውን የውስጥ ክፍል ቆርጠው በቦታው የረጋና በቀላሉ ክሪስታል የሚሆን ሌላ ፕሮቲን ተኩበት። በ2007 የቤታ 2 ቅርጽ ታተመ።

ያ ምስል ግን ሥራ የፈታ ተቀባይ ምስል ነበር። መልእክት ሲያስተላልፍ ለመያዝ ከቤልጅየም እርዳታ መጣ። የግመል ዘመድ የሆነው ላማ ከተለመደው በጣም ያነሰ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። ከላማ የተገኘው ይህ ትንሽ ፕሮቲን ተቀባዩንና ጂ ፕሮቲኑን እንደተያያዙ አጸናቸው፤ በ2011 ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ታዩ። በቀጣዩ ዓመት ሌፍኮዊትዝና ኮቢልካ የኬሚስትሪ ኖቤልን ተካፈሉ።

ቅርጹ የሰጠንና ያልሰጠን

ዛሬ ነገሩ ፈጥኗል። በጥልቅ ብርድ የቀዘቀዘን ናሙና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ማየት ስለተቻለ ብዙ ተቀባዮች ክሪስታል ሳይሆኑ ይታያሉ። ለስኳር በሽታና ለክብደት የሚሰጠው ሴማግሉታይድ የሚያርፍበት ጂኤልፒ 1 ተቀባይ ከጂ ፕሮቲኑ ጋር ሆኖ የታየው በ2017 ነው። ተመራማሪዎች ሚሊዮን ሞለኪውሎችን ኮምፒውተር ላይ በጎድጓዳው ውስጥ እያስቀመጡ የትኛው እንደሚገጥም ይገምታሉ፤ ቤተ ሙከራ የሚገባው ከዚያ የተመረጠው ነው።

የእኛም ቡና በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። አንጎላችን ሲደክም አዴኖሲን ይጠራቀምና የራሱ ተቀባዮች ላይ አርፎ እንቅልፍ ይጠራል። ካፌይን እነዚህኑ ተቀባዮች ይዞ አዴኖሲንን ይከለክላል። ድካሙን አያጠፋውም፤ መልእክቱን ነው የሚያግደው። የአዴኖሲን ተቀባይ የቤታ 2 ቤተሰብ ነው፤ ካፌይን በውስጡ ተቀምጦም በ2011 ታይቷል።

ይሁን እንጂ ቅርጹን ማወቅ ሁሉን አይፈታም። ተቀባይ ከጂ ፕሮቲን ሌላ አሬስቲን በተባለ ፕሮቲንም መልእክት ያስተላልፋል። በሞርፊን ተቀባይ ላይ ጂ ፕሮቲኑን ብቻ ብንቀሰቅስ ሕመሙ ይታገሣል፣ ትንፋሽ ማፈኑ ይቀራል የሚል ተስፋ ነበር። በዚህ ሐሳብ የተሠራው ኦሊሴሪዳይን በ2020 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ ማስጠንቀቂያው ግን ትንፋሽ ማፈንንና ሱስን እንደ ሌሎቹ ይጠቅሳል።

ለሕመምተኛ ትልቁ ትምህርት ሴሉ ለመድኃኒቱ የሚሰጠው መልስ ነው። ቤታ 2 ያለ ፋታ ሲቀሰቀስ ሴሉ ተቀባዮቹን ከደጅ ያነሣል፤ መድኃኒቱም እየሰነፈ ይሄዳል። ተቀባዩ ለረጅም ጊዜ ሲታገድ ደግሞ ሴሉ ተጨማሪ ተቀባዮችን ያወጣል። ለዚህ ነው ለልብ ወይም ለእንቅርት ሕመም ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰው በአንድ ቀን ቢያቆም ልቡ በአድሬናሊን ከቀድሞው በላይ ሊመታ የሚችለው። አስም ያለበት ሰው ደግሞ ፕሮፕራኖሎል እንዳይወስድ ይከለከላል፤ ፓፏ የምትከፍተውን መንገድ ይዘጋባታል።

ሰማያዊዋ ፓፍም የአየር ቧንቧውን ጡንቻ ታላላለች እንጂ የቧንቧውን መቆጣት አታክምም። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ከ2019 ጀምሮ አዋቂና ታዳጊ የአስም ሕሙማን በእሷ ብቻ እንዳይታከሙ፣ መቆጣቱን የሚያበርድ የሚሳብ ስቴሮይድም እንዲኖራቸው ይመክራል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ፓፏን ደጋግመው መሳብ ከጀመሩ ሌላ ፓፍ ከመግዛትዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ የልብ ኪኒንዎንም ሐኪም ሳያውቀው አያቋርጡ።