የፍል ውሃው ባክቴሪያ

ቴርመስ አኳቲከስ በዓይን የማይታይ፣ ለማንም በሽታ የማይሆን፣ ብዙው ሕያው ፍጥረት ተቀቅሎ በሚያልቅበት በ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ግን እንደ ልቡ የሚራባ ባክቴሪያ ነው።

ይህን ፍጥረት ለዓለም ያስተዋወቁት የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው የረቂቃን ተሐዋስያን ሊቅ ፕሮፌሰር ቶማስ ብሮክ ሲሆኑ፣ በአሜሪካ ወደሚገኘው ወደ የሎውስቶን ፍል ውሃ የሄዱት መድኃኒት ሊቀምሙ ወይም ሀብት ሊያፈሩ ሳይሆን፣ ሕይወት እስከ ስንት ዲግሪ ግለት ልትጸና ትችላለች የሚለው ጥያቄ ልቡናቸውን ስለ ያዘው ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ከተማሪያቸው ከሀድሰን ፍሪዝ ጋር ከአንዱ ምንጭ ናሙና ቀድተው ባክቴሪያውን በቤተ ሙከራ ካራቡ በኋላ፣ በ1969 ጠባዩን ገልጠው ጻፉ፤ ዘሩንም ማንኛውም ተመራማሪ ያገኘው ዘንድ ረቂቃን ተሐዋስያን በሚጠበቁበት ማኅደር አኖሩት። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ፣ ጥቅምን በዕለት ገበያ የሚመዝን ሰው ለፍል ውሃ ተውሳክ ይህን ያህል መድከም ከንቱ ነው ባለ ነበር።

ነገር ግን በ1983 በካሊፎርኒያ ሴተስ በተባለው ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ኬሪ ሙሊስ፣ ጥቂት የዲኤንኤ ቅንጣት ተባዝቶ እልፍ አእላፋት የሚሆንበትን፣ ዛሬ ፒሲአር የሚባለውን ብልሃት አሰቡ። ብልሃቱ ጥንድ ሆኖ የተጠማዘዘውን የዲኤንኤ ክር በ95 ዲግሪ ገደማ ለያይቶ፣ ሙቀቱ ሲበርድ ለእያንዳንዱ ክር አምሳያውን በኢንዛይም ማሠራት፣ ይህንንም ደጋግሞ መፈጸም ነው፤ በየዙሩ ቍጥሩ እጥፍ ስለሚሆንም አንዱ ቅንጣት ከ30 ዙር በኋላ ከ1 ቢሊዮን ይበልጣል። በመጀመሪያ የተሠራበት ኢንዛይም ግን ከአንጀት ባክቴሪያ የተወሰደ ነበርና፣ ግለቱ በመጣ ቍጥር እየተበላሸ በየዙሩ አዲስ መጨመር ግድ ሆነ። የፍል ውሃው ባክቴሪያ የተፈለገው በዚህ ጊዜ ነው፤ ኢንዛይሙ ግለትን የለመደ ነውና፣ አንድ ጊዜ ከተጨመረ ዙሩ ሁሉ እስኪፈጸም ሳይሰንፍ ሠራ።

ሙሊስ በ1993 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ። ብልሃታቸውም የወንጀለኛን ማንነት ከደም ጠብታ ለመለየት፣ የሳንባ ነቀርሳን ለመመርመር፣ በ2020 ደግሞ አዲስ አበባን ጨምሮ በብዙ ከተሞች የኮሮናን በሽታ ለማወቅ አገለገለ።

እንግዲህ ጥያቄውን የጠየቀውና መልሱ ያስፈለገው አንድ ሰው አልነበረም፤ በመካከላቸውም ወደ 20 ዓመት የሚጠጋ ዘመን ቆሟል። ስለዚህ መንግሥትም ሆነ ባለ ጸጋ ለምርምር ገንዘብ ሲቈርጥ፣ «ምን ይጠቅማል?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ቢሆንም፣ መልሱን በዚያው ዓመት ካልሰማሁ ማለቱ ግን፣ የኋለኛው ትውልድ ችግር በገጠመው ጊዜ ማኅደሩን ባዶ ሆኖ እንዲያገኘው መፍረድ ነው።