ሌላው ሰው ምን ያስብ ይሆን?

ፊደል ለይታችሁ ማንበብ የጀመራችሁ ሁሉ፣ ዛሬ እርሳስና ወረቀት አቅርቡ። አንድ ትንሽ ሥዕል እንሥላለን።

ገበጣ ስትጫወቱ ጠጠሩን ከማንሣታችሁ በፊት ምን ታደርጋላችሁ? የራሳችሁን ጉድጓድ ብቻ አትቆጥሩም። «እኔ ይህን ባነሣ እሱ የቱን ያነሣል?» ትላላችሁ። እሱም በበኩሉ ስለ እናንተ ያንኑ ያስባል። ዝናብ እንዲህ አይደለም። ገበሬ «መቼ ልዝራ?» ብሎ ዝናቡን ያሰላል እንጂ ዝናቡ ገበሬውን አያሰላም። ሰው ከሰው ጋር ሲሆን ግን የአንዱ ጥቅም በሌላው ውሳኔ ላይም ይንጠለጠላል።

ይህን ነገር በሒሳብ የሚመረምር ትምህርት አለ። «የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ» ይባላል። ስሙ ትንሽ ያሳስታል። ጨዋታ ይባል እንጂ ስለ ገበያ፣ ስለ ጦርነትና ስለ ዕርቅም የሚናገር ነው። ሀንጋሪ የተወለደው የሒሳብ ሊቅ ጆን ቮን ኖይማንና የኢኮኖሚ ምሁሩ ኦስካር ሞርገንስተርን በዚሁ ጉዳይ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሜሪካ ውስጥ አሳተሙ። ጊዜው 1944 እ.ኤ.አ. ነበር።

አሁን ወደ እርሳሳችን እንመለስ። አልበርት ተከር የተባለ የሒሳብ መምህር በ1950 እ.ኤ.አ. ያወራው ታሪክ አለ። ቁጥሩን ለእኛ እንዲመች አድርጌዋለሁ። ሁለት ሰዎች አብረው ወንጀል ሠርተው ተያዙ። መርማሪው ለየብቻ ክፍል አስገባቸው፤ መነጋገር አይችሉም። ለእያንዳንዱም እንዲህ አለው፦ «ሁለታችሁም ዝም ካላችሁ አንድ አንድ ዓመት ትታሰራላችሁ። አንተ ተናግረህ ጓደኛህ ዝም ካለ፣ አንተ ነፃ ትወጣለህ፤ እሱ 10 ዓመት ይታሰራል። እሱ ተናግሮ አንተ ዝም ካልክ ደግሞ 10 ዓመቱ ያንተ ነው። ሁለታችሁም ከተናገራችሁ አምስት አምስት ዓመት።»

አራት ሳጥን ሣሉ፤ ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች። በግራ በኩል ያሉት ሁለቱ «እሱ ዝም ቢል» ናቸው፤ በቀኝ ያሉት «እሱ ቢናገር»። የላይኛው መስመር «እኔ ዝም ብል»፣ የታችኛው «እኔ ብናገር» ይሁን። በላይኛው መስመር 1 እና 10 ጻፉ። በታችኛው 0 እና 5 ጻፉ። እነዚህ እኔ የምታሰራቸው ዓመታት ናቸው።

አሁን ከላይ ወደ ታች አንብቡ። እሱ ዝም ቢል፣ ብናገር ይሻለኛል፤ ከ1 ዓመት 0 ይሻላልና። እሱ ቢናገርም ብናገር ይሻለኛል፤ ከ10 ዓመት 5 ይሻላል። እንግዲያው እሱ ምንም ያድርግ ምን፣ ለእኔ መናገር ይሻላል ማለት ነው። እሱም በዚያኛው ክፍል ተቀምጦ ይህንኑ ያሰላል። ሁለቱም ይናገራሉ፤ ሁለቱም አምስት ዓመት ይታሰራሉ። ዝም ቢሉ ኖሮ አንድ አንድ ዓመት ነበር!

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከሁለቱ አንዳቸውም አልተሳሳቱም፤ እያንዳንዱ በትክክል አስልቶ ነው ሁለቱም የተጎዱት። አንዱ ብቻውን ሐሳቡን ቢለውጥ የባሰ ይጎዳል። እንዲህ ያለውን ቦታ «የናሽ ሚዛን» ይሉታል። ስሙን ያገኘው ከጆን ናሽ ነው። ናሽ በ1994 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ምሁራን አንዱ ነበር።

ታዲያ ከዚህ እንዴት ይወጣል? አንዱ መንገድ ቁጥሩን መለወጥ ነው። ዕቁብን አስቡ። 10 ሰዎች 50፣ 50 ብር ቢጥሉ፣ የመጀመሪያው ባለዕጣ 500 ብር ይወስዳል። ገና ዘጠኝ ጊዜ መክፈል አለበት፤ 450 ብር ነው። በቁጥር ብቻ ቢያስብ መቅረት ያዋጣዋል። ለዚህ ነው ዳኛው «ዋስ አምጣ» የሚለው። ዋስ ሲኖር መቅረት አያዋጣም። ዋስ መጠየቅ አለማመን ይመስላቸውና የሚቀየሙ አሉ፤ እኔ ግን ዕቁቡን የሚያቆመው እሱ ነው እላለሁ።

ሌላው መንገድ መደጋገም ነው። ሮበርት አክስልሮድ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በ1980 እ.ኤ.አ. ገደማ ይህንኑ ጨዋታ በኮምፒዩተር አጫወተ። ሌሎች ምሁራን የላኳቸው 14 ዘዴዎች እርስ በርሳቸው ተጋጠሙ፤ በእያንዳንዱ ግጥሚያ 200 ጊዜ ይጫወታሉ። ያሸነፈው ከሁሉ አጭሩ ነበር። የላከው አናቶል ራፖፖርት ነው። ዘዴው መጀመሪያ ይተባበራል፤ ከዚያ በኋላ ሌላው ያደረገውን መልሶ ያደርጋል። ወንፈልም ያው አይደለም? ዛሬ ያንተን አጭዳለሁ፣ ነገ የእኔን ታጭዳለህ፤ ከቀረህ እቀራለሁ።

ግን ይህም ጉድለት አለው። ጎረቤት ታሞ ቀረ እንበል። ሌላው «ከዳኝ» ብሎ እሱም ቀረ። ያም በተራው ተቀይሞ ቀረ። በአንድ ስሕተት የተጀመረው መቋጫ ያጣል። ደም መመላለስም እንዲሁ ነው፤ ገዳይና ሟች ያልነበሩ ልጆች ሳይቀሩ ይወርሱታል። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ስሕተት በሚያጋጥምበት ጨዋታ አልፎ አልፎ ይቅር የሚለው ዘዴ የተሻለ እንደሚሆን አሳይተዋል። ሽማግሌዎች ገብተው ካሣ ቆርጠው የሚያስታርቁትም ብድር የመመላለሱ ነገር አንድ ቦታ ላይ እንዲቆም ነው።

ለቤት ሥራ አራቱን ሳጥን እንደገና ሣሉና የዕቁቡን ነገር ግቡበት፤ መጀመሪያ ያለ ዋስ፣ ቀጥሎ ከዋስ ጋር። ደኅና እደሩ።