«ይኸ ነገር እውነት ነው ወይ?»

 

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት ዶሮና ስለ አንድ መጽሐፍ ነው።

በእኛ ጣቢያ ከሚማሩት አባቶች አንዱ ወደ ደብረ ታቦር ገበያ ሄዱ። ዶሮ ሸጠው ጨው ሊገዙ ነበር። ከመንገዱ ዳር አንድ ልጅ መጻሕፍት በጆንያ ላይ ዘርግቶ ይሸጣል። አምና ቢሆን ኖሮ ዘወር ብለውም አያዩትም። ዘንድሮ ግን ፊደል ቆጥረዋል። ቆሙና የመጻሕፍቱን ስም አንድ በአንድ አነበቡ።

«ይኸኛው ስለምንድን ነው?» አሉት።

«ስለ ጣና ነው አባባ። ስለ ገዳማቱ» አላቸው።

ጣናን ያውቁታል። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ከኮረብታው ላይ ሆነው፣ ከፎገራ ሜዳ ማዶ ሲያብረቀርቅ ያዩታል። እንግዲያስ ይኸን አንብቤ ልወቀው ብለው ገዙት። ለጨው የተረፈው ገንዘብ ጥቂት ነበር። ባለቤታቸው ምን እንዳሉ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

መጽሐፉ «ዴርቶጋዳ» ይባላል። የጻፈው ይስማዕከ ወርቁ ነው። መጀመሪያ የታተመው በ2001 ዓ.ም. ሲሆን ብዙ ሰው ወዶት ደጋግሞ ታትሟል። «ራማቶሓራ» እና «ዣንቶዣራ» የሚባሉ ተከታዮችም ወጥተውለታል። የጣናን ገዳማት፣ በባሕር ማዶ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሳይንስ ሊቃውንትን፣ ስለላንና ረቂቅ መሣሪያን አንድ ላይ አያይዞ የሚተርክ ነው።

አባታችን በፀሐይ በሚሞላው መብራት አራት ሌሊት አነበቡ። በአምስተኛው ቀን መጽሐፉን በጋቢያቸው ሸፍነው መጡ። ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረጉት።

«አንተ ልጅ፣ ይኸ ነገር እውነት ነው ወይ?» አሉኝ።

«አይደለም አባቴ፣ ልብ ወለድ ነው» አልኋቸው።

ፊታቸው ጠቆረ። «እንግዲያ ያ ልጅ አታሎ ዶሮዬን በላኝ!» አሉ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በኋላ ግን አፈርሁ፤ ጥያቄያቸው የሚያስቅ አልነበረማ። እስከ ዛሬ በእጃቸው የገባ ጽሑፍ ምንድን ነው? የግብር ደረሰኝ ነው። የመሬት ይዞታ ደብተር ነው። ከቀበሌ የመጣ ደብዳቤ ነው። በቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ቅዱስ መጽሐፍ ነው። በእነዚህ ላይ የተጻፈ ነገር ይታመናል። በመሬት ደብተር ላይ ልብ ወለድ ከገባማ ጉድ ፈላ!

ታዲያ ሰው ፊደል እንደ ቆጠረ፣ የተጻፈ ሁሉ እውነት ቢመስለው ምን ይፈረድበታል?

ይኸን እንዴት ላስረዳቸው ብዬ ሳስብ፣ ከኋላ የተቀመጡት አንዲት እናት ቀደሙኝ። «ቀበሮ ከዝንጀሮ ጋር ተማከረች እያልን ለልጆች ስንተርት፣ ልጆቹን አታለልናቸው ማለት ነው?» አሉ።

«እሱማ ተረት ነው» አሉ ባለ መጽሐፉ።

«ይኸም ተረት ነዋ! በወረቀት መጣ እንጂ።»

እኔ ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረኝም።

ልብ ወለድ የሚለው ስም ራሱ ነገሩን ይናገራል። ልብ የወለደው፣ ሰው አስቦ የፈጠረው ማለት ነው። ስሙም ቢሆን ከእኛው አካባቢ ብዙ አይርቅም። ከጣና ማዶ፣ ከዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ዛሬ «ጦቢያ» በሚለው ስም ይታወቃል። በአማርኛ ከተጻፉት ልብ ወለዶች የመጀመሪያው ነው ይባላል።

ከልብ ወለድም ሌላ ዓይነት አለ። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ይሉታል። ገና ያልተሠራ መሣሪያ፣ ገና ያልተደረሰበት አገር፣ ገና ያልመጣ ዘመን የሚተረክበት ነው። ጸሐፊው «እንዲህ ያለ ነገር ቢሠራ ምን ይሆን ነበር?» ብሎ ይጀምራል። «ዴርቶጋዳ»ም ከዚህ ወገን የሚቀላቀል ነው።

ምሳሌ ስጠን ካላችሁ፣ ከጋፋት ልጀምር።

ጋፋትን የማያውቅ ከመካከላችን የለም። ለደብረ ታቦር ቅርብ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የውጭ አገር ሰዎችን ከአገሬው ጋር አስቀምጠው መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነው። ብረት ሠሪ የነበሩትም ያልነበሩትም በግድ ሠሪ ሆኑ። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ ከዚያ ወጣ። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነበር ይባላል። በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ገደሉ እየተቆረጠ፣ መንገድ እየተጠረገ መቅደላ ድረስ ሄደ። የእናንተ አያት ቅድመ አያቶች ገመዱን ሳይጎትቱ አይቀሩም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ጋፋት ላይ መድፍ ይሠራ በነበረበት በዚያው ዘመን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1865፣ ፈረንሳይ አገር ዡል ቬርን የሚባል ጸሐፊ ስለ መድፍ መጽሐፍ አወጣ። የእሱ መድፍ ግን የወረቀት ነው። በመጽሐፉ ውስጥ አሜሪካኖች ፍሎሪዳ በምትባል አገራቸው ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ብረት አቅልጠው እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ያፈሳሉ። የመድፉ ርዝመት ከ270 ሜትር በላይ ነው። ከዚያም 3 ሰዎችን በጥይቱ ውስጥ አስቀምጠው ወደ ጨረቃ ይተኩሷቸዋል!

ባለ መጽሐፉ አባት ይኸን ሲሰሙ «እብድ ነው» አሉ። በዚያን ጊዜም እንዲህ ያለው ሰው ሳይኖር አይቀርም።

ይሁንና 104 ዓመት አለፈ። ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. አሜሪካኖች እውነትም ጨረቃ ላይ ወረዱ። የሄዱት ሰዎች ስንት ነበሩ? 3 ነበሩ። ሁለቱ ጨረቃን ረገጡ፤ አንዱ በመንኮራኩሩ ሆኖ እየዞረ ጠበቃቸው። ከየት ተነሡ? ከፍሎሪዳ። ሲመለሱስ የት ወደቁ? ከትልቁ ውቅያኖስ ላይ ወድቀው መርከብ አነሣቸው። የዡል ቬርን መንገደኞችም በሁለተኛው መጽሐፉ ላይ እዚያው ውቅያኖስ ውስጥ ወድቀው በመርከብ ተነሥተዋል።

ጠንቋይ ነበር እንዴ? አይደለም። ብዙ ያነብ ነበር፤ ያሰላ ነበር። የተሳሳተውም ነገር አለ። ሰው በመድፍ ቢተኮስ ገና ከአፈሙዙ ሳይወጣ ይሞታል፤ ድንገተኛውን ፍጥነት ገላ አይችለውምና። ሰዎቹን ጨረቃ ያደረሳቸው ቀስ እያለ ፍጥነት የሚጨምር ሮኬት ነው። የእሱ መንገደኞች ደግሞ ጨረቃን ዞረው ተመለሱ እንጂ አልወረዱባትም። ስለዚህ መጽሐፉ ትንቢት አይደለም፤ በሐሳብ የተሠራ ሥራ ነው።

በነገራችን ላይ ሰማይ የፈረንጅ ብቻ አይደለም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ምድር ተወንጭፋለች። 70 ኪሎ ያህል ትመዝን ነበር። መሬትን፣ ሰብልንና የአየሩን ሁኔታ ከላይ ሆና እንድታይ የተሠራች ናት። ሴባስቶፖል 70 ኩንታል፣ ሳተላይቷ 70 ኪሎ። እዚህ ላይ አንዱ ተማሪያችን «ቀለል ያለው ነው ሩቅ የሄደው» ብሎ አሣቀን።

እውነትና ልብ ወለድን መለየት የሚቸግረው ለአዲስ አንባቢ ብቻ አይምሰላችሁ። ኤች ጂ ዌልስ የሚባል እንግሊዛዊ ማርስ ከምትባለው ፈለክ ፍጡራን መጥተው ምድርን ሲወጉ የሚተርክ መጽሐፍ ነበረው። በፈረንጆች 1938 አሜሪካን አገር ይኸ ታሪክ በሬዲዮ እንደ ዜና ተደርጎ ተተረከ። መጀመሪያ ላይ «ይኸ ጨዋታ ነው» ተብሎ ነበር። ዘግይተው ሬዲዮ የከፈቱት ግን ያንን አልሰሙም። ከእነሱ አንዳንዶቹ እውነት መስሏቸው ደነገጡ፤ ስልክ እየደወሉ ጠየቁ። የተማሩ ሰዎች ናቸው። ከመጀመሪያው አለማዳመጣቸው ነው የጎዳቸው።

መጽሐፍም እንደዚያው ነው። ከሽፋኑ ወይም ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ አብዛኛውን ጊዜ «ልብ ወለድ» የሚል ቃል ይገኛል። እሱን ሳታነቡ ወደ ውስጥ አትዝለሉ። ውሸታም ሰው ውሸቱን ይደብቃል። ልብ ወለድ ግን «እኔ ልብ ወለድ ነኝ» ብሎ ነው ከደጅ የሚገባው። የሚያስቸግረው መካከሉ ነው። ጣና እውነት ነው። ዳጋ እስጢፋኖስ እውነት ነው፤ ናርጋ ሥላሴ እውነት ነው። በዚያ ላይ ጸሐፊው የራሱን ነገር ይጨምርበታል። ስለዚህ «ይኸኛው እውነት ነው? ይኸኛውስ?» እያሉ ማንበብ ያሻል። እኔ ራሴ «ዴርቶጋዳ»ን ሳነብ አንዳንድ ቦታ ምሥጢሩ በዝቶብኝ ወደ ኋላ ተመልሼ አንብቤያለሁ።

አሁን ወደ ዶሮዋ ልመለስ። ዋጋዋ ብዙ ነው። ሁላችንም በየፊናችን መጽሐፍ እንግዛ ብንል አንችልም። ግን መጽሐፍ ጨው አይደለም፤ ቢዋሱት አያልቅም። በከተማ ሰዎች ይኸን ያውቁበታል። አዲስ አበባ ውስጥ መጽሐፍ በቀን ሒሳብ የሚያከራዩ ነበሩ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ሲነሣ፣ ቀድመው የገዙት ሰዎች በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ አስተላለፉት። ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። መጽሐፉ ግን አልጠፋም።

ማንበብ ያልቻለም ከአንባቢ ተካፍሏል። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው፣ አንድ ሬዲዮ ከብቦ ያዳመጠው ሰው ብዙ ነው። ያቺ ስለ ቀበሮ የተናገሩት እናታችን ድምፁ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም ይላሉ። አሁን የሚመኙት ያንኑ መጽሐፍ በዓይናቸው ማንበብ ነው።

እኛም ጣቢያ ውስጥ አንድ ነገር ጀመርን። መጽሐፍ የገዛ ወይም የተዋሰ ሰው ሐሙስ ማታ ተነሥቶ ይናገራል። ምን ገዛህ? ስለምንድን ነው? ፊደሉ ደቃቅ ነው ወይስ ጎላ ያለ? ለማን ይሆናል? መጨረሻውን መናገር ክልክል ነው። አንዱ ጎረምሳ የአንድ መጽሐፍ መጨረሻ አምልጦት ሲናገር እንዴት እንደ ጮኹበት ብታዩ!

ባለ ዶሮው አባት ባለፈው ሐሙስ ተነሡ። መጽሐፉን ለልጁ ሊመልሱለት ወደ ገበያ ወስደውት ነበር አሉ። መንገድ ላይ ሲያርፉ ገለጥ አድርገው ትንሽ አነበቡ። ገበያው ተበተነ፤ እሳቸው ገና መንገድ ላይ ነበሩ።

«እውነት አይደለም» አሉ ቆመው። «ግን የእኛ ልጆች እንዲህ ያለ መሣሪያ መሥራት ይችሉ ይሆን ብዬ አሰብሁ። እንቅልፍ ነው የነሣኝ። ቃሉ አንዳንድ ቦታ ይከብዳል። ለብቻ ከሆነ ያስቸግራል፤ ሁለት ሆናችሁ አንብቡት።»

መጽሐፉ አሁን ያለው በዚያች በቀበሮዋ እናት ቤት ነው። ከሰባተኛ ክፍል ልጃቸው ጋር እየተቀባበሉ ያነቡታል። ገጽ 40 ደርሰዋል። ከእሳቸው ቀጥሎ 3 ሰው ተራ ይጠብቃል፤ እኔ አራተኛ ነኝ፣ ልድገመው ብዬ።