የመዝገቡ ጣጣ

ሱዳንና ደቡብ ሱዳን የሚወዛገቡበትን የአቢዬን ግዛት በተመለከተ አዲስ አበባ ላይ በተጠራ አንድ ዝግ ስብሰባ፣ በሻይ እረፍት ሰዓት፣ ከብት አርቢ ከሆኑት የሱዳን ሚሴሪያዎች አንድ ሽማግሌ አስተርጓሚ አስከትለው ወደ እኔ መጡ። ሥራዬ የሕዝበ ውሳኔ መራጮች ምዝገባ መሆኑን ሰምተው ኖሯል። «በጋውን ከከብቶቼ ጋር ወንዙ ዳር ነኝ። አባቴም እዚያው ነበር፣ አያቴም። ስንት ወር ስቆይ ነው ነዋሪ የምባለው?» አሉኝ። አጠገባችን የቆመ የንጎክ ዲንካ ወጣት ደግሞ «ሣር ፍለጋ የመጣ ሁሉ በአገሬ ዕጣ ሊወስን ነው?» አለና ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ።

ለሁለቱም መልስ አልነበረኝም፤ ስምምነቱም የለውም። በ2004 የተፈረመው የአቢዬ ፕሮቶኮል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ነዋሪዎቹ የንጎክ ዲንካ ማኅበረሰብ አባላትና በአካባቢው የሚኖሩ ሌሎች ሱዳናውያን ናቸው ይላል። «መኖር» የሚለካው በምን እንደሆነ ግን ገና ለሚቋቋም ኮሚሽን ትቶታል።

ስለ ሥራዬ በተጠየቅሁ ቁጥር የምሰማት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ምን ያጨቃጭቃል፣ ሕዝቡ ይወስን!» አምባሳደሩም ይላታል፣ ጋዜጠኛውም ይላታል፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠውም ይላታል። ድሮ እከራከር ነበር፤ አሁን አሁን ይታክተኛል። የእድሩ አባል ማን እንደሆነ ሳይታወቅ «እጅ እናውጣ» እንደ ማለት ነው። ሕዝቡ ከመወሰኑ በፊት ሕዝቡ ማን እንደሆነ ሌላ ሰው መወሰን አለበት። ክርክሩም፣ ማጭበርበሩም፣ ጦርነቱም ያለው እዚያ ላይ ነው። የምርጫው ቀን ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ውጤቱ ታውቆ ያለቀ ነው።

ጂቡቲን እንይ። ፈረንሳይ በ1967 ሕዝበ ውሳኔ ስታካሂድ ብዙ ሶማሌዎችን ከመራጭነት ውጪ አድርጋ ነበር፤ ከመራጮቹ 60 ከመቶ ገደማው ከፈረንሳይ ጋር መቆየትን መረጡ ተባለ። ሣጥኑን ማንም መስበር አላስፈለገውም።

ምዕራብ ሳሃራ ደግሞ ከዚህ የባሰ ትምህርት አለው፤ እዚያ መዝገቡ ራሱ ሕዝበ ውሳኔውን በላው። ስፔን በ1974 ባደረገችው ቆጠራ ወደ 74 ሺህ ሰው ተመዝግቧል። በ1991 ተኩስ አቁም ሲደረግና የተባበሩት መንግሥታት ሕዝበ ውሳኔውን የሚያካሂደውን ተልዕኮ ሚኑርሶን ሲልክ፣ ለግዛቱ ነፃነት የሚታገለው ፖሊሳሪዮ በዚያ ቆጠራ ላይ ቆመ። ግዛቱ የእኔ ነው የምትለው ሞሮኮ ግን ቆጠራው ያልደረሰባቸው፣ ከግዛቱ ውጪ ያሉ የጎሳ ተወላጆችም ይግቡ አለች። የመለየቱ ሥራ በ1994 ሲጀመር እያንዳንዱ አመልካች ከሁለቱም ወገን በመጡ የጎሳ ሼኮች ፊት እየቀረበ የዘር ሐረጉን ቆጠረ። አንዱ ሼክ «አውቀዋለሁ» ሲል ሌላው «አይቼውም አላውቅ» ይላል። ሥራው በ1996 ቆመ፤ በ1997 የተባበሩት መንግሥታት ልዑክ ጄምስ ቤከር ሁለቱን ወገኖች ሂዩስተን ላይ ካስማሙ በኋላ ቀጠለ። መጨረሻ ላይ ወደ 86 ሺህ ሰው ለመምረጥ ብቁ ተባለ፤ የቀረበው ይግባኝ ግን ከ130 ሺህ በላይ ነበር። ሕዝበ ውሳኔው እስካሁን አልተካሄደም።

እዚህ ላይ የአፍሪካ ዲፕሎማሲ ጥሩ አድርጎ የሚሠራውና የሚሸሸው ይታያል። በ1984 አዲስ አበባ በተካሄደው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ ላይ ፖሊሳሪዮ ያወጃት የሳሃራዊት ሪፐብሊክ መቀመጫዋን ያዘች፤ ሞሮኮ ድርጅቱን ጥላ ወጣች። በ2017 ሞሮኮ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ድርጅቱን ወደ ተካው የአፍሪካ ኅብረት ተመለሰች፤ ሁለቱም ዛሬ በአንድ አዳራሽ ይቀመጣሉ። ወንበር ማደል እንችልበታለን። ማን ይመዝገብ የሚለው ሲመጣ ግን ሁሉም ሰዓቱን ያያል።

«ደቡብ ሱዳንስ?» የሚለኝ አይጠፋም። በጃንዋሪ 2011 መረጡ፣ 98.83 ከመቶው መለየትን አለ፣ በጁላይ አገር ሆኑ። ቀላል ይመስላል። ሕጉን ላነበበ ግን ቀላል አልነበረም። ዘሩ ከደቡብ ነባር ማኅበረሰቦች የሚመዘዝ፣ ወይም ከ1956 መባቻ ጀምሮ ቤተሰቡ እዚያ የኖረ ሰው ብቻ ነው የሚመዘገበው። ከተመዘገቡት ውስጥ 60 ከመቶው ካልመረጠ ደግሞ ውጤቱ አይጸናም። ስለዚህ የደቡቡ ፓርቲ ካርቱም ባሉ ደቡባውያን ምዝገባ አልተደሰተም፤ መዝገቡ እዚያ አብጦ በድምፅ ቀን ሰው ቢቀር ነፃነቱ በቁጥር ይወድቅ ነበር። ይህን የተረዱት ሰዎች ገና በምዝገባው ወቅት አሸንፈው ነበር።

መዝገቡ ከምርጫው በኋላም አይሞትም። በ1993 እዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ ተመዝግበው በኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ የሰጡ ሰዎች ነበሩ። በ1998 በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ሲፈነዳ ያ ምዝገባ የኤርትራ ዜግነት ማስረጃ ሆኖ ቀረበባቸው፤ ብዙዎች ተባረሩ። ጉዳዩ ዘ ሄግ ላይ የኤርትራና የኢትዮጵያ የካሳ ኮሚሽን ፊት እስከ መቅረብ ደረሰ። ሱዳንም በ2011 የዜግነት ሕጓን አሻሽላ፣ ካርቱም ተወልደው ያደጉ ደቡባውያን በአንድ ጊዜ የውጭ ዜጋ ሆኑ። «ሕዝቡ ይወስን» የሚሉት ሰዎች ስለዚህ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

አቢዬም ከሱዳን ጋር ይቆይ ወይስ ደቡቡን ይቀላቀል የሚለውን ከደቡቡ ጋር በአንድ ቀን መምረጥ ነበረበት። የዘ ሄጉ የግልግል ፍርድ ቤት በጁላይ 2009 ወሰኑን አሰመረ፤ የሚሴሪያዎች የግጦሽ መብት እንዳልተነካም ተናገረ። መሬቱ ታወቀ፣ መራጩ አልታወቀም። በሜይ 2011 የሱዳን ጦር አቢዬን ያዘ። የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪ ታቦ ምቤኪ በ2012 ባቀረቡት ሐሳብ የሚመርጡት ንጎክ ዲንካዎችና ቋሚ መኖሪያቸው አቢዬ የሆነ ሌሎች ናቸው ተባለ፤ የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ደኅንነት ምክር ቤት ተቀበለው፣ ካርቱም እምቢ አለች። በኦክቶበር 2013 ንጎክ ዲንካዎች ብቻቸውን መረጡ፤ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል ድምፅ ደቡብ ሱዳንን አሉ። ጁባ እንኳ አልተቀበለችውም።

አደራዳሪዎች የሚሰጡኝን መልስ አውቀዋለሁ፦ ያኔ ፕሮቶኮሉን ስንደራደር ኬንያ ናይቫሻ ላይ ወር እንቁጠር ብንል ኖሮ ፊርማ አይኖርም፣ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ ጦርነትም አይቆምም ነበር። ቀላል መልስ አይደለም፤ ከባድ ነገር ለነገ ማቆየት አንዳንዴ ሕይወት ያተርፋል። ግን ለነገ የቆየውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። በ2011 ለአቢዬ የተፈቀደው የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ኃይል 4,200 ወታደር ሲሆን ከሞላ ጎደል ሁሉም ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በሜይ 2013 የንጎክ ዲንካ ታላቁ አለቃ ኩዎል ዴንግ ኩዎል በሰላም አስከባሪዎቹ አጀብ ውስጥ እያሉ ሲገደሉ ኢትዮጵያዊ ወታደርም አብሮ ሞቷል። አራት ወርም ይባል ስምንት፣ ቁጥር ከተጻፈ ሰው ይጨቃጨቅበታል፣ ይገዛበታል፣ ይሸጥበታል፤ ለዚያ ነው ድርድር የሚባለው። «ኮሚሽኑ ይወስናል» በሚል ሐረግ ላይ ግን ማን ከማን ጋር ይደራደራል?