ድመቷ መድሃኒት ወስዳ ተቅማጡ ለምን ተመለሰባት? ስለ ጃርዲያ እናውራ



ዛሬ ከሰው ትንሽ ወጣ ብለን ስለ ድመት እናወራለን። "ዶክተር፣ አንተ የሰው ሐኪም አይደለህ እንዴ?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ነኝ። ግን ነገሩ የተጀመረው የሰው ክሊኒክ ውስጥ ነው።

ከሁለት ወር በፊት አንዲት እናት የ7 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ሆዱን ይነፋዋል፣ ያገሳዋል፣ ሰገራው ቀጭንና በጣም የሚሸት ነው። ስንመረምረው ጃርዲያ ሆኖ ተገኘ፣ በአራት ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ። እናት ገና ወንበሩ ላይ ሳትደላደል "ዶክተር፣ ጥፋተኛዋን አውቃታለሁ፤ ድመቷ ናት" አለችኝ። ለካ ውሮም ተቅማጥ ከያዛት ከርማለች። ጎረቤት "በጆንያ አድርጋችሁ ራቅ ያለ ቦታ ጣሏት" ብሎ መክሯቸዋል፤ አባትየውም ቅዳሜ ሊወስዳት ቆርጧል። እስከዚያው ደግሞ እናት ከልጁ የተረፈውን የፍላጅል ሽሮፕ በሲሪንጅ ለድመቷ ትግታት ነበር።

ልጁ ይህን ሁሉ እየሰማ መሬት መሬት ያያል። ሊወጡ ሲሉ ብቻ "ለእሷ መድሃኒት የላትም?" አለኝ።

አላት። የእንስሳት ሐኪም የሆነ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ፣ ረጅም ሰዓት አወራን፣ እኔም ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ብዙዎቻችሁ ድመት ስላላችሁ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ጃርዲያ ምንድን ነው?

ሁላችንም ስሙን እናውቀዋለን፤ ሆዱ የጮኸ ሁሉ "ጃርዲያ ይዞኛል" ይላል። ጃርዲያ በዓይን የማይታይ፣ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተህዋሲ ነው። እንደ ወስፋት ትል አይደለም። ሰዎች ካዩት ቆይተዋል፦ ሆላንዳዊው ሌውዌንሁክ በ1681 (እንደ ፈረንጆቹ) በራሱ ሰገራ ውስጥ በማይክሮስኮፕ አይቶታል።

ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የሚኖረውና የሚራባው ነው። የሚያስቀምጠው፣ ምግብ በደንብ እንዳይመጥ የሚያደርገው ይሄ ነው። ሁለተኛው ሲስት ይባላል፤ ጠንካራ ሽፋን ለብሶ በሰገራ ይወጣል። ሲስቱ ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ ሌላውን መያዝ ይችላል። እርጥብና ቀዝቃዛ ቦታ ካገኘ ደግሞ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። የማይወደው ድርቀትንና ሙቀትን ነው። ይህችን ነገር ያዟት፤ በኋላ ትጠቅመናለች።

ታዲያ ለምን ይመላለሳል?

አብዛኛው ሰው "መድሃኒቱ አልሠራም" ይላል። ብዙ ጊዜ ግን መድሃኒቱ አንጀት ውስጥ ያለውን ገድሎታል። ችግሩ ውጭ የቀረው ነው። ድመት ቀኑን ሙሉ ራሷን ስትልስ ነው የምትውለው። ኋላዋ ያለው ጸጉር ላይ፣ መዳፏ ላይ፣ የምትጸዳዳበት ሳህን ላይ የቀረ ሲስት ተመልሶ ወደ አፏ ይገባል። ከ5 እስከ 16 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና ሲስት ማውጣት ትጀምራለች። እኛ "ተመለሰባት" እንላለን፤ እውነታው ግን እንደ አዲስ ተይዛለች።

ሌሎች ምክንያቶችም አሉ፦

1. መድሃኒቱ በትክክለኛው መጠን ወይም ለሙሉ ቀኑ አልተሰጠም።
2. ቤት ውስጥ ሌላ ድመት ወይም ውሻ አለ፤ ምልክት ሳያሳይ ሲስት ያወጣል።
3. ድመቷ አቅሟን የሚያዳክም ሌላ በሽታ አለባት።
4. ከመጀመሪያውም ጃርዲያ አልነበረም።

አራተኛው ላይ ትንሽ እንቆይ።

መጀመሪያ በትክክል እንወቅ

ጃርዲያ በየቀኑ እኩል አይወጣም። ዛሬ የተመረመረ ሰገራ "ነጻ ነው" ቢባል ነገ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪሞች በተለያዩ ቀናት የተወሰዱ፣ ቢቻል ሦስት ናሙናዎች ማየት ይመርጣሉ። ሰገራው ትኩስ ቢሆን ይመረጣል፤ ንጹህ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ በቶሎ አድርሱት።

ከዚህ በተጨማሪ ጃርዲያን የሚመስል ሌላ ተህዋሲ አለ፤ ትራይትራይኮሞናስ ይባላል። በተለይ ብዙ ሆነው አብረው የሚኖሩ ወጣት ድመቶችን ይይዛል። መኖሪያው ትልቁ አንጀት ስለሆነ ሰገራው ንፍጥ ይቀላቅላል፣ አንዳንዴ ደም ጠብ ይልበታል። ልምድ ያለው ሰው በማይክሮስኮፕ በእንቅስቃሴያቸው ይለያቸዋል፤ ጃርዲያ እንደሚወድቅ ቅጠል እየተገለባበጠ ይሄዳል፣ ያኛው ደግሞ እየተንፈራገጠ ወደፊት ይገፋል። ልዩነቱ ለምን አስፈለገ ብትሉ፣ የጃርዲያ መድሃኒት ይህኛውን አያጠፋውም። ሮኒዳዞል የሚባል ሌላ መድሃኒት አለው። እሱም ነርቭ ሊጎዳ ስለሚችል ያለ ሐኪም ክትትል የሚሞከር አይደለም። ስለዚህ ሁለት ሦስት ጊዜ በትክክል ታክማ ያልተሻላት ድመት ካለችን፣ አራተኛ ዙር መድሃኒት ከመስጠት በፊት ምርመራውን እንደገና ማየት ይሻላል።

ሕክምናው

የእንስሳት ሐኪሞች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠቀሙት ፌንቤንዳዞል ነው። የተለመደው መጠን በኪሎ 50 ሚሊግራም፣ በቀን አንዴ፣ ከ3 እስከ 5 ቀን ነው። 3 ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን 150 ሚሊግራም ትወስዳለች ማለት ነው። ይህን የጻፍኩት ገዝታችሁ ራሳችሁ እንድትሰጡ አይደለም። ለከብትና ለበግ ተብሎ የተሠራው ፍሬ ለድመት ከሚያስፈልገው በላይ ሊይዝ ስለሚችል፣ መጠኑን ቀንሶ የሚያዘጋጀው ባለሙያ ነው።

ሜትሮኒዳዞል (ፍላጅል የምንለው) ለድመትም ይታዘዛል፤ አንዳንዴ ከፌንቤንዳዞል ጋር አብሮ ይሰጣል። ነገር ግን መጠኑ ሲበዛ ድመቷ ትንገዳገዳለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ እስከ መውደቅ ትደርሳለች። በጣም መራራ ስለሆነም ስትግቷት አፏ አረፋ ይደፍቃል። በዓይን ግምት ሽሮፕ መስጠት ለዚህ ነው አደገኛ የሚሆነው።

እባካችሁ እነዚህን ደግሞ ከቤት አንስታችሁ አትስጧት፦

1. አልቤንዳዞል። እኛ ለወስፋት እንደ ቀላል ነገር የምንውጠው ነው። በድመት ግን መቅኔን አዳክሞ ደም መሥራት ሊያስቆም ይችላል።
2. ፓራሲታሞል። አንዲት ፍሬ ድመትን ልትገድል ትችላለች።
3. የሰው የተቅማጥ ማቆሚያ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በፍጹም።

ወተትም ለጊዜው ይቅር። ብዙ ያደጉ ድመቶች ወተት አይፈጭላቸውም፤ ተቅማጡን ያብሰዋል። ንጹህ ውሃ ግን ሁልጊዜ አጠገቧ ይኑር።

ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ

መድሃኒቱ ግማሹ ነው። ቀሪው ግማሽ የእናንተ ነው፦

1. ሰገራዋን በየቀኑ አንሱ። አሸዋውን ወይም አፈሩን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፤ ጓንት ከሌለ ፌስታል በእጃችሁ አጥልቁ።
2. የምትጸዳዳበትን ሳህን መጀመሪያ በሳሙና ፈትጉት፣ ከዚያ የፈላ ውሃ አፍስሱበት፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ እስኪደርቅ አስጡት። ድርቀትና ሙቀት አይወድም ያልኩት ለዚህ ነው። በረኪና ብትጠቀሙ የሚሠራው ቆሻሻው ከታጠበ በኋላ ነው። ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉት፤ በደንብም አለቅልቁት፣ ድመቷ ትልሰዋለችና።
3. የምትተኛበትን ጨርቅ በሙቅ ውሃ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁ።
4. መድሃኒቷን በምትጨርስበት ቀን ገላዋን፣ ቢያንስ ኋላዋን፣ ለብ ባለ ውሃና ለእንስሳት በተሠራ ሻምፖ አጥባችሁ አድርቋት። ሰው የሚረሳው ይሄን ነው፤ የሚመልሰውም ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።
5. የእሷ መጸዳጃ ወጥ ቤት ውስጥ አይሁን።

ከሕክምናው በኋላ መቼ እንመርምራት? መድሃኒቱ ካለቀ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ሰገራዋ በማይክሮስኮፕ ሊታይ ይችላል። የአንቲጅን ምርመራ ግን ከታከመች በኋላም ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። ተቅማጡ ከቆመ፣ ከበላችና ኪሎ ከጨመረች ወረቀቱ ላይ ያለውን ቃል ብቻ አይታችሁ ደጋግማችሁ መድሃኒት አትስጧት።

በቶሎ ሐኪም ጋ የምትወስዷት ግን ግልገል ከሆነች፣ ከአንድ ቀን በላይ አልበላም ካለች፣ ካስታወከች፣ ሰገራዋ ላይ ደም ካለ ወይም ከፈዘዘች ነው።

ልጁን ድመቷ ናት ያስያዘችው?

ሊሆን ይችላል፤ ግን ዕድሉ አነስተኛ ነው። ጃርዲያ ብዙ ዓይነት ዘር አለው። በሰው ላይ በብዛት የሚገኙት ኤ እና ቢ የሚባሉት ናቸው። በድመት ላይ በብዛት የሚገኘው ኤፍ ሲሆን ሰውን በመያዝ እምብዛም አይታወቅም። አንዳንድ ድመቶች ላይ ግን ኤ ስለሚገኝ እጅ መታጠብ አይቀርም።

ሰው ጃርዲያ የሚይዘው በአብዛኛው ከውሃና ከሰው እጅ ነው። 10 ያህል ሲስት ብቻ መዋጥ ይበቃል። ቧንቧ ውሃ ላይ የሚጨመረው ክሎሪን ሲስቱን በቀላሉ አይገድለውም፤ ማፍላት ግን ይገድለዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ በዝቅተኛ ሙቀት ነው የሚፈላው። ስለዚህ መፍላት ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ተዉት።

ያቺን እናት አንድ ነገር ጠየቅኳት፦ "እህቴ፣ ሽሮፑ ለምን ተረፈ?" ትንሽ አሰብ አደረገችና "ሲሻለው በሦስተኛው ቀን አቆምንለት፤ መራራ ነው ብሎ ያስቸግረኛል" አለችኝ። የታዘዘለት ለ7 ቀን ነበር። ሁለቱንም ጊዜ እንዲሁ ነው ያደረጉት። ድመቷን ያስከሰሳት ጠርሙስ ውስጥ የቀረው ሽሮፕ ነበር።

ነፍሰ ጡር ቤት ውስጥ ካለች

"ድመት ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው" ሲባል የሚወራው ስለ ጃርዲያ ሳይሆን ቶክሶፕላዝማ ስለሚባል ሌላ ተህዋሲ ነው። የእሱ እንቁላል ከሰገራው ጋር ከወጣ በኋላ ሰውን ለመያዝ ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ሰገራውን በየቀኑ ሌላ ሰው ካነሳው አደጋው በጣም ይቀንሳል። በዚያ ላይ ጥሬ ሥጋና ያልበሰለ ክትፎም ያስተላልፉታል። ድመቷን አባሮ ጥሬ ሥጋ መብላት ትርጉም የለውም።

ውሮስ?

ጆንያው ቀርቷል። አንድ የእንስሳት ሐኪም አያቷት፤ ሰገራዋ ውስጥ በእርግጥም ጃርዲያ ተገኘ። ለ5 ቀን መድሃኒቷን ወሰደች፣ በመጨረሻው ቀን ታጠበች (ማን እንደተቧጨረ አትጠይቁኝ)። ልጁም የራሱን ሰባት ቀን ጨረሰ። እናቱ እንደነገረችኝ ስልኳ ላይ ሁለት ደወል ሞልተው ነበር፤ አንዱ የእሱ፣ አንዱ የውሮ። እስካሁን ሁለቱም ደህና ናቸው።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ የታዘዘውን ጨርሱ፣ የተረፈ መድሃኒት ለማንም አትስጡ። ለልጅም፣ ለጎረቤትም፣ ለድመትም።

ድመት ላለው ወዳጃችሁ አጋሩት። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ የድመት ጥያቄ ከሆነ ጓደኛዬን አስቸግረዋለሁ።